የጓሮ ወይን ያለ ሱቅ እርሾ፦ እንደ ጠጅ በራሱ ይፈላል ወይስ አቼቶ ይሆናል?

ጣና ዳር
ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ነኝ፣ ሐይቁ አጠገብ። ግቢያችን ውስጥ አጥሩን የሞላ የወይን ሐረግ አለ። ዘንድሮ ጥሩ አፍርቷል። ወፍና ተርብ ሳይጨርሱት ወይን ጠጅ ልጥመቅበት አስቤያለሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቪዲዮ ላይ የማየው ሰው ሁሉ ከፓኬት እርሾ ይነሰንሳል። እዚህ የወይን እርሾ የሚሸጥ ሱቅ አላገኘሁም፤ ያለው የዳቦ እርሾ ነው። እናቶቻችን ግን ጠጅ ሲጥሉ ማር፣ ውሃና ጌሾ ብቻ ነው የሚያስገቡት። ከሱቅ እርሾ የገዛ የለም፤ ጠጁ ግን ይፈላል። ታዲያ ወይኑስ ለምን በራሱ አይፈላም? ጨፍልቄ ጋን ውስጥ ብተወው ምን ይሆናል? የምታውቁ እስቲ በሉ።

ብርሌ ሰባሪ
ሰኞ ማታ 2፡52

ምን እንደሚሆን ልንገርህ? ጎረቤት ይበዛብሃል።

ማይክሮብ
ሰኞ ማታ 3፡30

ይፈላል ወንድሜ። ጥያቄው ማን ያፈላዋል ነው።

የዱር እርሾ ሲባል አንድ ዓይነት ፍጥረት አይደለም። የወይን ቆዳ ላይ ብዙ ዓይነት እርሾ ይኖራል። በብዛት የሚገኙት ሃንሴኒያስፖራ፣ ሜችኒኮቪያ፣ ፒኪያ የሚባሉት ናቸው። ፍሬው ሲጨፈለቅ ቀድመው የሚነሱት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ የምታየው አረፋ የእነሱ ሥራ ነው። ደስ የሚል የፍራፍሬ ሽታ ያመጣሉ። ከልክ ሲያልፉ ደግሞ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ያመጣሉ። አልኮል ግን አይችሉም። አብዛኞቹ አልኮሉ 4 ወይም 5 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይደክማሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ።

ከእነሱ የሚረከበው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ነው። ስኳሩን እስከ መጨረሻው የሚበላው እሱ ነው። ዳቦ የሚነፋውም፣ ብዙውን ቢራ የሚጠምቀውም ይኸው ዝርያ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ የወይን ፍሬ ላይ ሳካሮማይሲስ የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከ1000 ጤነኛ ፍሬ በ1 ላይ ያህል ብቻ አገኘው። ቆዳው የተሰነጠቀ ፍሬ ላይ ግን ከ4 በ1 ላይ ያህል ነበር። የተሰነጠቀውን ተርብና ዝንብ ስለሚጎበኙት ነው። ጣሊያን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተርቦች እርሾውን አንጀታቸው ውስጥ ይዘው የአውሮፓን የብርድ ወራት እንደሚያሳልፉ፣ ለእጮቻቸውም እንደሚያቀብሉ አሳየ። ስለዚህ አጥርህ ላይ ያለውን ተርብ ብዙ አትርገመው።

ጣና ዳር
ሰኞ ማታ 3፡41

ቆይ ቆይ። ፍሬው ላይ ከሌለ ፈረንጆቹ ድሮ በምን ይጠምቁ ነበር? ፓኬቱ የመጣው ትናንት አይደል?

ማይክሮብ
ሰኞ ማታ 4፡05

ከወይን ዕድሜ አንጻር አዎ፣ ትናንት ነው። መፍላት የጥቃቅን ሕያዋን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ያስረዳው በ1850ዎቹ መጨረሻና በ1860ዎቹ ነው። ዴንማርክ ውስጥ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንድ ሴል የተራባ ንጹሕ እርሾ የለየው በ1883 ነው። ያንን ዘዴ ወደ ወይን ያመጣው ሙለር ቱርጋው የሚባል የስዊስ ተመራማሪ ነው፣ በ1890 ገደማ። ደረቁ ፓኬት ለወይን በንግድ የወጣው በ1960ዎቹ ነው። ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር።

ከዚያ በፊት በሺህ ዓመታት የተጠመቀው ወይን ሁሉ በዱር እርሾ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ክቬቭሪ የሚባል መሬት ውስጥ የሚቀበር ትልቅ የሸክላ ጋን አለ። ዛሬም በባህላዊው መንገድ የሚጠምቁት እርሾ አይጨምሩበትም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

«ፍሬው ላይ ከሌለ» ላልከው፣ እርሾው በብዛት የሚመጣው ከመጥመቂያ ቤቱ ነው። መጭመቂያው፣ በርሜሉ፣ ወለሉ፣ የሠራተኛው እጅ፣ ሁሉም ላይ ሳካሮማይሲስ ተቀምጧል። ያው እንደ ሊጥ ቡሃቃ ነው። ቡሃቃው ሙልጭ ብሎ ካልታጠበ የሚቀጥለው ሊጥ ቶሎ ይነሳል።

የጠጅ ቤት ልጅ
ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

አሁን ገባኝ። እናቴ ጋኗን ለሰው የማታውሰው ለዚህ ነዋ!

እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚጣለው። ጋኑ በግራዋ ይታሻል፣ በውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ማሩ በውሃ ይበጠበጣል። አንድ እጅ ማር ለአራት እጅ ውሃ። ደንበኛ ጠንከር ያለ ሲፈልግ አንድ ለሦስት። አፉ በጨርቅ ተሸፍኖ ብርዙ ይቀመጣል። ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል። ከዚያ ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ ከጌሾ እንጨት ጋር እሳት ላይ ይፈላና፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ሞቃት ወቅት ላይ ቶሎ ይደርሳል፤ ክረምት ላይ ይጎተታል።

ማይክሮብ ያልከው በአዲስ ጋን ይታያል። አዲስ ጋን የመጀመሪያውን ጠጅ ጥሩ አድርጎ አያወጣም። ይዘገያል፣ ወይ ይኮመጥጣል። እናቴ አዲስ ጋን ስታስገባ ከአሮጌው ጋን አምቡላ ትጨምርበታለች። ለምን ስትባል «እንዲለምድ» ነው መልሷ።

ጌሾ ዘጌ
ማክሰኞ ጠዋት 3፡00

እህቴ፣ ጋኑን አከበርሽው፣ ጌሾውን ረሳሽው። እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ከቡናው፣ ከጌሾውና ከሎሚው ነው የሚኖረው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጠጁን የሚያነሳው ጌሾ መሆኑን ነው። ጌሾ የሌለው ብርዝ ብርዝ ሆኖ ይቀራል። እርሾው ቅጠሉና እንጨቱ ላይ ነው።

ማይክሮብ
ማክሰኞ ጠዋት 3፡20

ጌሾ ላይ እርሾ መኖሩ አያከራክርም። ማንኛውም ቅጠል ላይ አለ። ግን የጠጅ ቤት ልጅ የጻፈችውን ደግመህ አንብበው። ጌሾው ይፈላል። በፈላ ውሃ ውስጥ ያለፈ እርሾ አይተርፍም። ጠጁ ግን ይነሳል። ስለዚህ በእነሱ ቤት ጠጁን የሚያስነሳው ሌላ ቦታ ያለ ነው፦ ማሩ ራሱና ጋኑ።

ማር እርሾ ይሸከማል። ስኳር የማይፈሩ፣ እንደ ዚጎሳካሮማይሲስ ያሉ እርሾዎች አሉበት። ማር ውሃው ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ ተኝተው ይቀመጣሉ። ውሃ ስትጨምርበት ይነቃሉ። ክረምት ላይ ክዳኑ በደንብ ያልተዘጋ ማር አናቱ ላይ አረፋ የሚያወጣውም ለዚህ ነው። ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ውሃው ከፍ ብሏል።

ጌሾ ሥራ የለውም እያልኩ አይደለም። መራራው ባክቴሪያን ይገታል። ቢራ ውስጥ ሆፕ የሚባለው መራራ አበባ የሚሠራውን ዓይነት ሥራ ማለት ነው። በር ላይ ቆሞ «አንተ ግባ፣ አንተ ተመለስ» የሚል ዘበኛ አድርገህ ውሰደው።

ጋሽ ድሮ
ማክሰኞ ቀን 6፡10

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጌሾ አፍልቶ የሚጨምር ቤት አለ። እንጨቱን ሰንጥቆ በጥሬው የሚከት ቤትም አለ። በጥሬው የሚከት ቤት ከጌሾውም እርሾ ያገኛል። አገሩ አንድ ዓይነት ጠጅ ጥሎ አያውቅም።

ማሩን ግን ዝም አላችሁት። የጥቅምትና የኅዳር ማር፣ አደይ አበባና መጭ የቀሰመ ንብ የሠራው፣ ሌላ ነው። ማር ሞልቶ ሲወርድ ነው ጠጅ መጣል። አሁን ገበያ ላይ ስኳር የተቀላቀለበት ማር በዝቷል። እሱን ይዛችሁ ስለ እርሾ ብትከራከሩ ዋጋ የለውም።

ጌሾ ዘጌ
ማክሰኞ ቀን 6፡30

ጋሼ እውነትዎን ነው። ስለ ማሩ እርስዎን የሚያህል የለም። ጌሾውን ግን አልለቅም 😄

ባቱ ነኝ
ማክሰኞ ማታ 1፡45

ስለ ባህል ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ወይን ግን ሥራዬ ነበር። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የወይን መጥመቂያ ላይ ሠርቻለሁ። ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ልቸልስ።

ፋብሪካ ወይኑ እንደተጨፈለቀ ሰልፋይት የሚባል፣ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ኬሚካል ያስገባበታል። በሊትር 50 ሚሊግራም ገደማ የተለመደ ነው። እሱ አብዛኛውን የዱር እርሾና ባክቴሪያ ያስተኛዋል። ሳካሮማይሲስ ሰልፋይት በተሻለ ይችላል። ከዚያ ፓኬቱ ይገባል። ለምን? ታንኩ ትልቅ ነው፣ ገንዘቡ ብዙ ነው፣ የዘንድሮው ከአምናው ጋር መመሳሰል አለበት።

የዱር እርሾ ሲያምር ከፓኬት ይበልጣል፤ አልክድም። ጣዕሙ ውስብስብ ይሆናል። ሲበላሽ ግን አያድርስ ነው። መሃል ላይ ይቆማል። ስኳሩ ሳያልቅ እርሾው ይተኛል። ያን ጊዜ አቼቶ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ይገባሉ። ብሬታኖማይሲስ የሚባል እርሾም አለ፤ ከገባ የፈረስ በረት ይሸታል። እሱን አንዴ ካስገባህ ከእንጨት በርሜል አይወጣም።

ባሕር ዳር ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትሞቃለች። እየፈላ ያለ ወይን ራሱ ሙቀት ያወጣል። ከ35 ዲግሪ ካለፈ እርሾው ይጨነቃል። ጥላ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሰህ አስቀምጠው።

ጣና ዳር
ማክሰኞ ማታ 2፡10

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አንድ ነገር መጣልኝ። የጠጅ ቤት ልጅ እናቷ አዲስ ጋን ላይ አምቡላ ይጨምራሉ ብላለች። እኔስ የጠጅ አምቡላ ወይኑ ላይ ብጨምር? ሳካሮማይሲሱ እዚያ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል አይደል?

ብርሌ ሰባሪ
ማክሰኞ ማታ 2፡14

ወይን ጠጅ ማለት ለካ ይሄ ነው፦ ወይንም ጠጅም።

ማይክሮብ
ማክሰኞ ማታ 3፡00

ሐሳቡ ብልህ ነው። ሳካሮማይሲስ አለበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጠጅ የለዩትን እርሾና ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥተው ነበር። ከእርሾዎቹ በብዛት የተገኘው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ነው። ግን ብቻውን አልነበረም። ሌሎች እርሾዎችና ብዙ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያም ነበሩ። ከቤት ቤት ይለያያል፤ በአንድ ቤት ውስጥም ከአንዱ ጠጅ ወደ ሌላው ይለያያል። አንድ ሰው ከአንድ ጠጅ ቤት ሳምንት ለሳምንት የተለያየ ጠጅ የሚጠጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አምቡላ ስትጨምር እርሾውን ብቻ አትወስድም። ኮምጣጣውን ባክቴሪያም፣ የጌሾውን መራራም ትወስዳለህ። ጠጅ ላይ ያምራል። ወይን ላይ ግን ጣዕሙን ይዞብህ ይሄዳል።

የሚሻለው ከራስህ ወይን ጥንስስ መሥራት ነው። ሙሉው ምርት ከመለቀሙ ሳምንት ያህል ቀደም ብለህ ጥቂት ጤነኛ ዘለላ ቁረጥ። የሻገተ አታስገባ። ሦስት አራት ንጹሕ ማሰሮ ወይም ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ላይ ለየብቻ ጨፍልቀው። ከአጥሩ የተለያየ ቦታ የተቆረጠ ቢሆን ይሻላል። አፉን በንጹሕ ሻሽ እሰር፣ ዝንብ እንዳይገባ። በየቀኑ አንዴ ሁለቴ አማስለው። ከዚያ አሽትት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም አቼቶ የሚሸተውን ያለ ርኅራኄ ድፋው። ዳቦ ዳቦ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸተውን፣ አረፋው ብርቱ የሆነውን ያዝ። ግማሽ መንገድ ሲፈላ፣ ጣፋጭነቱ ቀንሶ አልኮሉ ሲሰማህ፣ ደካሞቹ ሞተው ሳካሮማይሲስ ተረክቧል ማለት ነው። ያንን ነው ዋናው ወይን ላይ የምትጨምረው። ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ይበቃል።

ይህን ካደረግህ «በራሱ ፈላ» ከሚለው ዕድል ወጥተህ እርሾህን መረጥህ ማለት ነው። ያለ ፓኬት።

ፔዳ ሰፈር
ማክሰኞ ማታ 3፡25

የዳቦ እርሾስ? ማንም አልመለሰለትም።

ማይክሮብ
ማክሰኞ ማታ 3፡33

ያው ዝርያ ነው። ነገር ግን የተመረጠው ጋዝ ቶሎ እንዲያወጣ እንጂ ጣዕም እንዲሰጥና እንዲጠልል አይደለም። ወይኑ ደፍርሶ ይቆያል፣ ሊጥ ሊጥ ይላል። ሁሉም ጥንስስ ቢከሽፍ ለመጠባበቂያ ይያዝ።

የጠጅ ቤት ልጅ
ማክሰኞ ማታ 3፡50

አንድ ለሦስት የተበጠበጠው ጠጃችን ሁልጊዜ ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። አንድ ለአምስት የተበጠበጠው ይደርቃል። እናቴ «ማሩ ስለበዛ ነው» ትላለች። እርሾው አልቻለም ማለት ነው?

ማይክሮብ
ማክሰኞ ማታ 4፡15

እናትሽ ትክክል ናቸው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚያ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። አንድ ለሦስት ሲበጠበጥ በሊትር 280 ግራም ስኳር አካባቢ ይሆናል። 17 ግራም ስኳር በሊትር 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል ብለሽ ብታሰይ፣ ሁሉም ቢፈላ ከ16 በመቶ በላይ ይደርሳል። እዚያ ድረስ የሚዘልቅ የዱር እርሾ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያቆማል፣ ጣፋጩ ይቀራል። አንድ ለአምስት ግን 11 በመቶ አካባቢ ነው። እርሾው ይጨርሰዋል።

በዚያ ላይ ማር ናይትሮጅን በጣም ጥቂት ነው ያለው። እርሾ ያለ ናይትሮጅን ረሃብ ይይዘዋል፤ ሲራብ የገማ እንቁላል ዓይነት ሽታ ያወጣል። የወይን ጭማቂ በዚህ በኩል ከማር በብዙ ይሻላል። ጣና ዳር ከጠጅ ጣይ ይልቅ ቀላል ሥራ አለው።

ብርሌ ሰባሪ
ረቡዕ ጠዋት 2፡00

የቤተ ክርስቲያኑስ ወይን? እሱም በዱር እርሾ ነው?

ጋሽ ድሮ
ረቡዕ ጠዋት 2፡40

እሱ ሌላ ነው ልጄ። ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ቤተልሔም ውስጥ ተጨምቆ ለዕለቱ የሚውል ነው። እንዲፈላ ጊዜ አይሰጠውም። እዚህ ክር ውስጥ ባናስገባው ይሻላል።

ይልቅ ጣና ዳር፣ አንድ ምክር ስማኝ። ጀሪካን ውስጥ ከትተህ ክዳኑን ጠርቅመህ እንዳትዘጋ። የሚፈላ ነገር ጋዝ ያወጣል። ጀሪካኑ ይነፋል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ጠርሙስ ከሆነ የባሰ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ጋን አታስቀምጥ፤ ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ወለሉ ላይ ይተኛል።

ጣና ዳር
ረቡዕ ቀን 7፡20

እሺ ጋሼ። ጨርቅ ብቻ ነው የማስረው። ግን እስከ መቼ? አየር ከገባ አቼቶ አይሆንም?

ባቱ ነኝ
ረቡዕ ማታ 1፡10

አረፋው ብርቱ እስከሆነ ድረስ ጨርቅ በቂ ነው። ከወይኑ የሚወጣው ጋዝ አየሩን ይገፋዋል። ቆዳው ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ግን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ድፈቀው። አናቱ ከደረቀ የአቼቶ ባክቴሪያ ቤቱን እዚያ ይሠራል። አረፋው ሲቀንስ ጨምቀህ አጥልለህ ጠባብ አፍ ወዳለው ዕቃ ቀይረው። እስከ አንገቱ ሙላው። ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ አውጥተህ ጫፉን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከረው። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም።

እና ልድገመው። እኔ ብሆን ከማጠራቀሜ በፊት ትንሽ ሰልፋይት አስገባበታለሁ። ማይክሮብ ላይስማማ ይችላል።

ማይክሮብ
ረቡዕ ማታ 1፡35

መጨረሻ ላይ ከሆነ እስማማለሁ። መጀመሪያ ላይ ከሆነ ግን እርሾ ለመምረጥ የለፋንበትን ልናስተኛ ነው።

የጠጅ ቤት ልጅ
ረቡዕ ማታ 2፡20

ማይክሮብ፣ ከእናቴ አሮጌ ጋን ናሙና ባመጣልህ ላብራቶሪ ውስጥ ምን እንዳለበት ታየዋለህ? እናቴ «ጋኔን ሊፍቁት ነው?» ብላለች። ፈቃዷን ገና አላገኘሁም።

ማይክሮብ
ረቡዕ ማታ 2፡45

ንገሪያቸው፣ መፋቅ አያስፈልግም። ጠጁ ተቀድቶ ሲያልቅ ከታች የሚቀረው አምቡላ ይበቃል። ትንሽ ጠርሙስ በውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ። ግማሹን ብቻ ሙዪ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርገሽ አትዝጊ። በረዶ ቤት ሳይሆን ፍሪጅ ውስጥ አኑሪና በማግሥቱ አምጪው። ከተቻለ ከአዲሱ ጋንም ለየብቻ አንድ ጠርሙስ አምጪ። ሁለቱን ጎን ለጎን ካላየን ጋኑ ነው ጌሾው የሚለው ክርክር አያልቅም።

ጌሾ ዘጌ
ረቡዕ ማታ 2፡50

ከዘጌም ጥሬ ጌሾ እልካለሁ። እሱንም ጨምረህ እየው።